ድንቹ ጥሬ አይደለም

የአንድን የሰፈር ቻይና ቤት ልክ ማወቅ የፈለገ ሰው ከሜኑው ውስጥ ርካሹን ይዘዝ። ዳክዬውና ሽሪምፑ ይቆዩ፤ ስኳሩና ወፍራም መረቁ ብዙ ጉድ ይሸፍንላቸዋል። በአኩሪ አተር ሶስ ጠቁሮ የሚመጣው የበሬ ሥጋም ያው ነው። የወጥ ቤቱን እጅ የሚያጋልጠው ድንች ነው፦ በስሱ ተከትፎ በዛላ በርበሬና በአቸቶ ተጠብሶ የሚቀርበው፣ ከሜኑው ግርጌ የተጻፈው ድንች።

እኛ ምግብ መመዘን የለመድነው በወጥ ነው። ቀይ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ፣ በርበሬው ጥሬነቱ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ "ባለሙያ ናት" እንላለን። ጥሩ ወጥ የጊዜ ሥራ ነው፤ የቸኮለችበት ወዲያው ያስታውቃል። የቻይና መጥበሻ ደግሞ የሚፈርደው በተቃራኒው ነው። መክተፉ፣ መዘፍዘፉ፣ ቅመም መለካቱ ሁሉ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ያልቃል፤ አትክልቱ እሳት ላይ የሚቆየው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በወጥ ሚዛን የመዘነው ሰው ቆስጣው "አልበሰለም"፣ ጥቅል ጎመኑ "ጥሬ ነው" ይልና ይመልሳል። ደንበኛ እየመለሰ ያስቸገረው ወጥ ቤት ደግሞ ውሎ አድሮ ሁሉንም ነገር አብስሎ ማቅረብ ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የተበላሸ የቻይና ምግብ በልተን ከሆነ፣ ግማሹ ጥፋት የእኛው የበላተኞቹ ይመስለኛል።

ወደ ድንቹ እንመለስ። ተልጦ በስሱ ይቆረጣል፤ ስሱ ተደራርቦ እንደገና በክብሪት እንጨት ውፍረት ይከተፋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እየተደፋ ይደገማል። የሚወጣው ነጭ ነገር ስታርቹ ነው። ካልወጣ ድንቹ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል። መጥበሻው ጭስ እስኪያወጣ ግሎ ዘይት ይገባበታል፤ ዛላ በርበሬና ከንፈር የሚያደነዝዘው የሲችዋን ፍሬ ለአፍታ ይንቸለቸሉበታል፤ ድንቹ ይጨመርና ያለ እረፍት ይገለባበጣል። አቸቶው የሚፈሰው በመጥበሻው ዳር ዳር ነው፤ የጋለው ብረት ሲነካው ጉሮሮ የሚቆነጥጠው ኃይሉ ተንኖ መዓዛው ይቀራል። ድንቹ ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርገውም ይኸው ኮምጣጣነቱ ነው።

ሳህኑ ሲመጣ ሦስት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ ክትፋቱን፦ አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲፈርስ ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል፤ ቢላ የያዘው ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ አልተማረም። ቀጥሎ ጥርስ ላይ፦ ቀጨም ማለት አለበት፤ የጥሬ ድንች ዱቄት ዱቄት የሚል ጣዕም ግን ሊኖረው አይገባም። የሁለቱ ልዩነት ሰላሳ ሰከንድ የማይሞላ እሳት ነው፣ የጠባሹ ሙያ ያለው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ ጥቂት አቆይቼ ሳህኑን ዘንበል አደርጋለሁ። ስስ የዘይት ወዝ ብቻ ከታየ እሳቱ በቂ ነበር። ውሃ ካቋረ ድንቹ የተቀቀለ እንጂ የተጠበሰ አይደለም፤ ወይ እሳቱ ደካማ ነው፣ ወይ የሦስት ገበታ ትእዛዝ በአንድ መጥበሻ ተሠርቷል።

አስተናጋጇ አስቀድማ ታስጠነቅቅ ይሆናል፦ "ጋሼ፣ እሱ ድንች ትንሽ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሰው ይመልሰዋል። በደንብ ይብሰል ልበላቸው?" መልሱ "አይ የኔ ልጅ፣ ለራሳቸው እንደሚሠሩት ይሁን" ነው። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም ጉርሻ በላይ ሳህኑን ትለውጠዋለች።

ምግቡ እዚህ እንዴት ደረሰ? ልደታ አካባቢ የሚውል ሰው የቻይናን እጅ ሳያይ አይውልም። መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የቻይና ባቡር ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥራ ነው፤ ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱም መስመሮች የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው። ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ፣ ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ያበረከተችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ የተመረቀው ጥር 2004 ነው። መንግሥታቱ ግንኙነት የመሠረቱት ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ኅዳር 1963 ሲሆን፣ ንጉሡ አፄ ኃይለ ሥላሴም በዓመቱ ቤጂንግ ሄደው ማኦን አግኝተዋል። ምግቡ የመጣው ከሠራተኛው ጋር ነው። ከቤቱ ርቆ መንገድና ሐዲድ የሚሠራ ሰው የራሱን አብሳይ ይዞ ይመጣል፤ ካምፑ ሲፈርስ አብሳዩ ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም፤ አጠገቡ ቆሞ ሽንኩርት ሲከትፍ የነበረው የአገሬው ልጅም ሙያውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ መጥበሻውን የያዘው ሐበሻ ነው ብሎ ፊት ማዞር አላዋቂነት ነው። እሳት ዜግነት አይጠይቅም።

ከልደታ በባቡር አራተኛው ፌርማታ ስታዲየም ነው። በዚያው አቅራቢያ፣ በራስ ደስታ ዳምጠው መንገድ፣ የጉዞ መመሪያ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት ሲጠቅሱት የኖሩት ቻይና ባርና ሬስቶራንት ነበር። የዚያን ዘመን ቻይና ቤት ሰው ደመወዝ ሲቀበል ወይም እንግዳ ሲመጣበት የሚገባበት ነበር። እኔ የምለው ግን ሌላውን ዓይነት ነው፦ የፕላስቲክ ገበታ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የቀይ ወረቀት ጌጥ፣ ከወጥ ቤት የሚሰማ የእሳት ጩኸት፤ የፍርድ ቤት ጉዳዩ ለከሰዓት የተቀጠረበት ሰው ምሳ በልቶ የሚመለስበት።

ጩኸቱን አዳምጡት። ትክክለኛው ምድጃ በጋዝ ሲሊንደር ይሠራል፤ ሲለኮስ ያጓራል። ዝም ያለ ወጥ ቤት በኤሌክትሪክ ምድጃ እየሠራ ይሆናል፤ ከሱ መልካም ሾርባ ይጠበቃል እንጂ ጥብስ አይጠበቅም። መብራት በጠፋ ቀንም ምድጃው ምን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ መኖራችንም እዚህ ጣጣ አለው፤ ጓንግዡ የተማረ አብሳይ አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሸነፈው በዚህ ነው። በከተማችን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ የለመደውን ደቂቃ ቆጥሮ ቢያወጣው ሩዙ መሐሉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይቀርበታል፤ በሊጥ የተጠቀለለው ዳምፕሊንግ ደግሞ ውስጡ እስኪበስል ሲጠበቅ ሽፋኑ ይላሽቃል። መላውን ያገኘ ቤት ሩዙን በግፊት ድስት ይቀቅላል፣ ዳምፕሊንጉን ያሳንሳል። ስለዚህ ነጭ ሩዝ ማዘዝ ከንቱ ወጪ አይደለም። ፍሬው ለብቻ ለብቻ የሚታይ፣ ሲነሳ ግን ተያይዞ የሚነሳ መሆን አለበት። እንቁላል የተቀላቀለበት የተጠበሰው ሩዝ የትናንት ሩዝ ነው፤ መሆንም አለበት፤ አዲሱ እርጥብ ስለሆነ ይጣበቃል። ቀዝቅዞ ያደረ ከሆነ ማለቴ ነው። ድስት ውስጥ ለብ ብሎ የዋለ ሩዝ ሆድ ያማል፤ ትንሽ እንኳ የኮመጠጠ ሽታ ካለው ሳህኑን መተው ይሻላል።

ከድንቹ ቀጥሎ የምፈትንበት ቲማቲም በእንቁላል ነው። እንቁላል በስልስ ለለመደ ሰው ባዳ አይሆንም። ልዩነቱ፣ እንቁላሉ ቀድሞ ለብቻው በጋለ ዘይት ተጠብሶ ገና ለስላሳ ሳለ ይወጣል፤ ቲማቲሙ በራሱ ውሃ ሲፈርስ ይመለስበታል። እንቁላሉ በትልልቁ መቅረት አለበት፤ ከተፈረፈረ ቁርስ ቤት ገብተናል። ቲማቲም በተወደደ ሰሞን አንዳንዱ ቤት የቆርቆሮ ድልህ ይበጠብጥበታል። ይኼኛው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ ነው፣ የቲማቲም ልጣጭ አይታይበትም፣ ጣፋጭነቱም ምላስ ላይ ይቀራል።

ስለ ነጩ ቅመም ብዙ ይወራል። ሞኖሶዲየም ግሉታሜትን በ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባሕር አረም ለይቶ ያወጣው ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ ግሉታሜቱ ራሱ ቲማቲም ውስጥም አለ። እኔ የምጠላው መኖሩን ሳይሆን ስንፍናን ሲሸፍን ነው። ደበርጃኑም፣ ዶሮውም፣ ፎሶሊያውም አንድ ዓይነት ከጣመኝ ወጥ ቤቱ ያለው አንድ ማንኪያና አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ጾመኛ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ለሚጾም ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ቶፉ አለ፣ እንጉዳይ አለ፣ ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት አለ፤ እየተባለ ይታዘዛል። ነገር ግን አትክልቱ ላይ የሚነሰነሰው ቅመም ብዙ ጊዜ የዶሮ ዱቄት ነው፤ ጥቁሩ ወፍራም ሶስ ከኦይስተር የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ማፖ ቶፉ ላይ የተፈጨ ሥጋ ይገባል። ዓሣ ዓሣ ይሸታል የሚባለው ደበርጃን ዓሣ አይነካውም፤ የተፈጨ አሳማ ግን ይገባበታል። "የጾም ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሥጋ ስለሌለው ብቻ "አዎ" ይባላል። "የዶሮ ዱቄትም፣ እንቁላልም፣ ሥጋም አይንካው፤ መጥበሻው ይታጠብ" ተብሎ በዝርዝር ይነገር። የሚገርመው፣ ይህን ሰምቶ ሳይነጫነጭ የሚሠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በሌላውም ጥሩ ነው። መጥበሻውን በየትእዛዙ መሐል በውሃና በቀርከሃ መጥረጊያ ማጠብ የሙያው ደንብ ነውና፣ የተለመደውን ሥራ ጠየቅነው እንጂ አላስቸገርነውም። ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ እንደተገዛ መጠየቅም ነውር የለውም፤ መስቀልና ጨረቃ ለይቶ በሚገዛ ከተማ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው።

ሰዓቱም ይረዳል። ቻይናውያን ምሳ የሚበሉት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ እራት ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ እኛ ገና "የት እንብላ?" ስንል እነሱ ጨርሰዋል። በዚያ ሰዓት ገብቶ ገበታቸውን ማየት ከሜኑ ይሻላል። መቶ ምግብ በፎቶ የደረደረ ሜኑ ላይ የማይገኝ ምግብ አንዳንዴ እነሱ ፊት አለ፤ በጣት ማሳየት ይፈቀዳል። ፊታቸው ያለውም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሩዝ፣ ሁለት አትክልት፣ አንድ የሥጋ ሳህንና ሾርባ ነው፤ ለአራት ሰው። እኛ በየግላችን አንድ አንድ ሳህን የተጠበሰ ሩዝ በዶሮ አዝዘን ዋጋው በዛብን እንላለን። አብሮ መብላት የማያውቅ ሕዝብ ብንሆን አይገርመኝም ነበር። ለአራት ሰው አራት ወጥ መሰል ሳህን መሐል አስቀምጦ ሩዝ መካፈል ሒሳቡን ይቀንሳል፣ ወጥ ቤቱንም በአራት በኩል ያስፈትናል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተሰቅሏል፦ የደረቀ እንጉዳዩ፣ ሶሱ፣ የሲችዋን ፍሬው። የሰሊጥ ዘይቱ ነገር ያበግናል፤ ቻይና ከሰሊጣችን ዋና ገዢዎች አንዷ ሆና ሳለ ጠርሙሱ ከዚያው ተጭኖ ይመጣል። ብልህ ባለቤት ታዲያ ሜኑውን ወደ አትክልት ተራ ያዞራል፦ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ። በእነዚህ ጥሩ ከሠራ ርካሽነቱ የሙያ ነው። ሥጋውን እየቀነሰ ሽንኩርትና ስታርች እያበዛ የድሮውን ስም ከሸጠልን ግን ያው ተወዶብናል።

ሥጋ ካዘዛችሁም ቁራጩን እዩት። የአገራችን በሬ ጡንቻው ጠንካራ ነው፤ በስሱ፣ ከጭረቱ ተቃራኒ ተቆርጦ በስታርችና በሶስ ካልታሸ ማስቲካ ይሆናል። ጥብስ ላይ ማኘክን እንደ ጣዕም ቆጥረን እናልፈዋለን፤ እዚህ ግን አናልፈውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ አስጠቅልሎ ለሚወስድ ሰው የሚሆነው ማፖ ቶፉ፣ ሾርባና በሶስ የተሠራ ደበርጃን ነው፤ ደረጃ ተወጥቶ እስኪደረስ አይጎዱም። ድንቹንና ቆስጣውን በላስቲክ አታስጠቅልሉ። በራሳቸው እንፋሎት ይበስላሉ፤ ቤት ሲደርሱ በወጥ ሚዛን "በደንብ የበሰሉ" ሆነው ይገኛሉ።