ዥዋዥዌው ለዛፉ እንግዳ ነው

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። እኛ ሰፈር፣ ቤቴል፣ አዲስ የልጆች መጫወቻ ተሠርቶ ያለቀ ሰሞን ይዤው ሄድኩ። መሸራተቻው ቢጫ፣ ዥዋዥዌው ቀይ፣ ወለሉ አረንጓዴ ላስቲክ ነው። መሃሉ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ልጁ መሸራተቻውን አራት ጊዜ ያህል ወጥቶ ወረደና ሰለቸው። ከዚያ ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ የዝግባ ፍሬ መልቀም ጀመረ። ፍሬው ክብና ጠንካራ ነው፤ እኛም ብይ ስናጣ የምንጫወተው በእሱ ነበር። ወዲያው ጥበቃው መጣና «እዚህ ጋ አይቀመጥም» አለን።

ሰውየው የታዘዘውን ነው የሠራው። ችግሩ ያለው ቦታውን በነደፈው ሰው ሐሳብ ውስጥ ነው። በዚያ ሐሳብ መሠረት ልጅ የሚጫወተው በፕላስቲኩ ነው፤ ዛፉ ጌጥ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን መልካሙን ላስቀድም። እኛ ያደግነው አስፋልት ዳር፣ «መኪና!» ሲባል ኳስ እያቆምን ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት፣ እንጦጦ ተከፍተዋል። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በየመንገዱ ዳር የልጆች መጫወቻዎችን ይዞ መጥቷል። ልጅ መጫወቻ ያስፈልገዋል የሚለው ነገር የከተማ ጉዳይ ሆኗል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የምተቸውም የተሠራው ነገር ከዚህ የተሻለ መሆን ስለሚችል ነው።

ከጥላው ልጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ይፋጃል። እኛ ሰፈር መሸራተቻው የተተከለው ፀሐይ ላይ ሲሆን፣ የዝግባው ጥላ የሚያርፈው ባዶው የእግረኛ ንጣፍ ላይ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ላስቲኩ በጫማ እንኳ ያቃጥላል፤ ልጆቹም ንጣፉ ላይ ይሰባሰባሉ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ጥላው የት እንደሚሄድ ቢያይ ኖሮ ዥዋዥዌው ሌላ ቦታ ይተከል ነበር።

ሁለተኛው ሥሩ ነው። ብዙዎቻችን የዛፍ ሥር እንደ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለናል። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን በአብዛኛው ያሉት ከላይ ባለው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ጫፍም አልፈው ይዘረጋሉ። አፈሩ በሮለር ሲጠቀጠቅና ሲሚንቶ እስከ ግንዱ ሲፈስ አየርም ውሃም ያጥራቸዋል። ዛፉ በዚያው ሳምንት አይሞትም። ከዓመታት በኋላ ጫፉ መድረቅ ይጀምራል፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ ከዚያ «ዛፉ አደገኛ ነው» ተብሎ ይቆረጣል። በእኛ ሙያ ይሄን በደንብ እናውቀዋለን፦ ኮዱን የጻፈው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚፈነዳ ስህተት። ያኔ የሚወቀሰው ሲስተሙ ነው።

ሦስተኛው ራሱ ጨዋታው ነው። ዴንማርካዊው የመናፈሻ አርክቴክት ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ልጆች ከተሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ በግንባታ ቦታ ፍርስራሽ መጫወት እንደሚወዱ አስተዋለ። በዚህ ሐሳብ ነው በ1943 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን አጠገብ፣ ኤምድሩፕ ውስጥ፣ እንጨትና ቁርጥራጭ የሞላበት መጫወቻ የተከፈተው። አልዶ ቫን አይክ ደግሞ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስተርዳም ውስጥ ከ700 በላይ መጫወቻዎችን ነደፈ። አሸዋ፣ የድንጋይ መረማመጃ፣ የብረት ቅስት፤ ከዚህ ብዙም አይዘልም። ምን እንደሚሆኑ የሚወስነው ልጁ ነው። ትልቅ ዛፍም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ቤት፣ አንዴ የድብብቆሽ መቁጠሪያ፣ አንዴ የሌባና ፖሊስ እስር ቤት ይሆናል። መሸራተቻ ግን ሁልጊዜ መሸራተቻ ነው።

በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ይሄን ከሌሎቹ በተሻለ ገብቶታል። መንገዶቹ በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛሉ፤ ልጆች ከመጫወቻው ወርደው የባሕር ዛፍ ፍሬ ሲያሽከረክሩ ያየሁት እዚያ ነው። ግን ለእኛ እንጦጦ ሦስት ታክሲ ነው። የልጅ የዕለት ጨዋታ ደግሞ በዓመት በዓል የሚኬድበት ቦታ ሊሆን አይችልም።

«ቅርንጫፍ ልጅ ላይ ቢወድቅስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን በመጣል ይታወቃል። መልሱ ግን ሲሚንቶ አይደለም። በዓመት አንዴ ባለሙያ ዛፉን ይየው፣ የደረቀው ይቆረጥ። ላስቲኩ ቀርቶ የእንጨት ፍቅፋቂ ወፍራም ሆኖ ይነጠፍ፤ የሚወድቅ ልጅን ያለሰልስለታል፣ ውሃም ያሳልፋል። እርግጥ በየጊዜው መሞላትና መስተካከል አለበት፣ ሰው ይፈልጋል። ሰውማ አለ፤ ልጆችን ከዛፍ ሥር ሲያስነሳ የሚውለው ጥበቃ ይሄን ቢሠራስ?

ከ2011 ጀምሮ በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን። እኔም ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ተክያለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። ግን ቁጥሩን አስቡት፦ ዘንድሮ የተተከለች የዝግባ ችግኝ እንደዚያኛው እስክታጠላ የእህቴ ልጅ የልጅ አባት ይሆናል። እሱ ልጅ ሆኖ የሚቆየው ደግሞ ቢበዛ ሌላ ስድስት ሰባት ዓመት ነው። ለእሱ ያለው ጥላ አሁን የቆመው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን መጫወቻ የምትነድፉ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ዛፉን ሣሉት፤ ዥዋዥዌው ይድረስበታል።

ባለፈው እሁድ እንደገና ሄድን። ልጁ መሸራተቻውን ዞር ብሎም አላየውም። ጥበቃው ፊቱን እስኪያዞር ጠብቆ ሁለት ፍሬ ኪሱ ከተተና «ና እንሂድ» አለኝ።