የሯጩ ዘፈንና የአጫጁ ዘፈን

በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚወዳደሩ ስፖርተኞች ከጫማቸው ቀጥሎ የሚጨነቁት ለዘፈናቸው ነው። በ1976 ዓ.ም. ሳራዬቮ ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ጄን ቶርቪልና ክሪስቶፈር ዲን የተባሉት እንግሊዛውያን ወርቁን የወሰዱት በራቬል «ቦሌሮ» ታጅበው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ካልጋሪ ላይ ደግሞ የምሥራቅ ጀርመኗ ካታሪና ቪትና አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ ሁለቱም «ካርመን»ን መርጠው ተፋጠጡ። እንዲህ ያለውን ስፖርተኛ ጋዜጠኛ ሲያገኘው፣ «የምትወደው ዘፈን የትኛው ነው? ስትሰማውስ ምን ያስታውስሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው የአክብሮት ጥያቄ ነው። ባለ ሜዳሊያው እግር ብቻ ሳይሆን ጆሮም ልብም ያለው ሰው መሆኑን ይመሰክርለታል።

እኛ በረዶ የለንም። በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችንን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ ሲወዳደር እንኳ፣ ስፖርቱ ከዳንስ ይልቅ ለሩጫ የሚቀርበው የአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነበር። ያለን ሯጭ ነው። ሯጩን ደግሞ የምንጠይቀው ቁጥር ነው። በስንት ደቂቃ ገባህ? ስንት ሜትር ሲቀር አፈተለክህ? ቀጣዩ ውድድርህ የት ነው? «ምን ታዳምጣለህ?» ብሎ የጠየቀ የስፖርት ጋዜጠኛ እምብዛም አላጋጠመኝም። ስለዚህ የሯጮቻችንን ዘፈን የምናውቀው በአጋጣሚ ነው። ከእነዚህ አጋጣሚዎች አንዱን ዛሬ ላነሣ እወዳለሁ። ለረጅም ጊዜ ሲያሳፍረኝ የኖረ ነገር ነበርና።

የካቲት 8 ቀን 1990 ዓ.ም. በእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ፣ በቤት ውስጥ በተካሄደ ውድድር፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ 2000 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በሩጫው ጊዜ ከአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ይወጣ የነበረው «ስካትማን» የተባለው የዳንስ ዘፈን ነው። ነገሩ የአጋጣሚ አልነበረም። ኃይሌ ዘፈኑን ወዶት፣ ክብረ ወሰን በሚሞክርባቸው ውድድሮች እንዲከፈትለት ይጠይቅ ነበር። በውድድር ሜዳ ጆሮ ላይ ማዳመጫ መሰካት ለሯጭ በደንብ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ሁሉ የአንድን ሰው ዘፈን አብሮት መስማት ነበረበት። የሙዚቃንና የስፖርትን ግንኙነት በማጥናት የታወቀው ኮስታስ ካራጆርጊስም ይህንኑ ሩጫ በምሳሌነት ይጠቅሰዋል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዘፈኑንስ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ቡራዩ ውስጥ ከካሴት ቤት ደጃፍ ሲለቀቅ ሰብሰብ ብለን፣ ቃል የሌለውን ክፍል ምላሳችን እስኪተሳሰር ድረስ ልንቀዳ እንሞክር ነበር። ለኔ የልጅነት ቧልት ነው። ጀግናችን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ቧልት መሆኑን ሳነብ ቅር አለኝ። ጥላሁን ገሠሠን ያፈራች አገር፣ ማሕሙድ አሕመድን ያፈራች አገር፣ ለልጇ እግር የሚሆን አንድ ዜማ አጣችለት? «ወርቅ በእጅ ከያዙት እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት የደረሰ መሰለኝ። በወቅቱ ብዕር ብጨብጥ ኖሮ ቁጣ እጽፍ ነበር። ደግነቱ ሳልጽፍ ዘፈኑን ደግሜ ሰማሁት።

በሐቅ እንነጋገር ከተባለ፣ የ«ስካትማን» ሙዚቃ የፋብሪካ ሥራ ነው። በጊዜው የአውሮፓን ዳንስ ቤቶች ካጥለቀለቁት ዘፈኖች የሚለየው ነገር ጥቂት ነው። ከበሮው የማሽን፣ አጃቢው የኪቦርድ፣ አዝማቹም ቶሎ የሚለመድና ቶሎ የሚሰለች ነው። በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ከማሽን ያልተሠራ ነገር አለ፤ የሰውየው ምላስ።

ባለ ምላሱ ጆን ላርኪን ይባላል። አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተብ ነበርና ከሰው ጋር መነጋገር እየከበደው ወደ ፒያኖው ሸሸ። የጃዝ ዘፋኞች ቃል ትተው ድምፅ ብቻ የሚያንደቀድቁበትን ስልት ተምሮ፣ ያ የሚይዘው ምላሱ በዚህ ስልት ሲሄድ እንደሚፈታለት ተረዳ። ዘፈኑን ጀርመን አገር ሆኖ ሲያወጣ ዓመቱ 1987 ነበር፤ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ግጥሙም ስለ መንተባተብ ነው፤ ለሚንተባተቡ ሰዎች «እኔ ከቻልሁ እናንተም ትችላላችሁ» የሚል መልእክት አለው። በኅዳር 1992 ዓ.ም. አረፈ። እኛ ቡራዩ ላይ እንደ ቧልት የቀዳነው እንግዲህ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍርበት የኖረውን ጉድለት ወደ ጌጥ የለወጠበትን ሥራ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የኃይሌን ሩጫ ሳይ ዐይኔ ወደ ግራ ክንዱ ሄደ። አንባቢ ያስታውሰዋል። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ ክንዱ እንደ ቀኙ አይወዛወዝም፤ ታጠፍ ብሎ ወደ ሰውነቱ ይጠጋል። አሰላ አካባቢ ተወልዶ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበርና፣ ደብተሩን በግራ ብብቱ ይዞ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩ ሲቀር ልማዱ ቀረ። የአሠልጣኝ መጽሐፍ ስሕተት የሚለው ይህ አያያዝ፣ ኋላ የዓለም ሕዝብ ኃይሌን ከሩቅ የሚለይበት ምልክት ሆነ። የላርኪን ምላስና የኃይሌ ክንድ በአንድ አዳራሽ ውስጥ መገናኘታቸውን ሳስበው ቅሬታዬ ሟሸሸ። ኃይሌ የዘፈኑን ታሪክ ያውቅ ነበር ለማለት አይደለም። ጆሮው የወደደው ዘፈን ግን ለታሪኩ ባዕድ አልነበረም።

የኃይሌ የድምፅ ትዝታ ከ«ስካትማን» ይቀድማል። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ የ10 ሺሕ ሜትር ወርቅ ሲወስድ ኃይሌ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ውድድሩን የተከታተለው በአባቱ ሬዲዮ እንደነበረ ተናግሯል። ሩጫን አስቀድሞ ያየው በጆሮው ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው በሩጫው ውስጥ ድምፅ ቢፈልግ ምን ይደንቃል?

ይሁን እንጂ ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም። ለምን የእኛ ዘፈን አልሆነም? እንደኔ ግምት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከዘፈኖቻችን እጅግ የምናከብረው ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ሰውን ወደ ኋላ ይዞ ይሄዳል። የተለየውን ያስናፍቀዋል፣ ያለፈውን ያስቆጥረዋል። ለተቀመጠ ሰው ይህ ጸጋ ነው። የ200 ሜትሩን ዙር በ29 ሰከንድ ከሽራፊ እየጨረሰ አሥር ጊዜ ለሚዞር ሰው ግን ወደ ኋላ መመልከት ውድ ዋጋ ያስከፍለዋል። ሁለተኛው፣ ለአትሌቶቻችን የተዘፈኑት ዘፈኖች የሚደርሱት ከሥራው በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ ይጀምራሉ። ጀግና ይላሉ፣ አንበሳ ይላሉ፣ ባንዲራውን በየቀለሙ ይጠራሉ፤ የአበበ ቢቂላን ስም አንሥተው የባለ ተራውን ይጨምራሉ። ስሙን አውጥተው የሌላ ሯጭ ስም ቢያስገቡበት አንድም የሚፈርስ ነገር የለም። የሯጩን ትንፋሽ፣ የጎኑን ውጋት፣ የማለዳውን ብርድ አላዩምና። ምስጋናቸው የልብ ነው፤ ነገር ግን ሯጩን አያውቁትም።

እዚህ ላይ ስደርስ በኛ ዘንድ ሌላ ዘፈን የለም ብዬ ልደመድም ነበር። ያዳነኝ የሱሉልታ ሜዳ ነው። ሱሉልታ ዛሬ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች፤ ፎቁም መጋዘኑም ሜዳዋን እየበላው ነው። ቢሆንም የታወቀችበት ድርቆሽ ገና አልጠፋም። አንድ የጥቅምት ማለዳ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ስሄድ፣ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ተሰልፈው አገኘሁ። ጎንበስ ብለው፣ ማጭዳቸውን ይዘው፣ በኦሮምኛ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በሚቀበሉበት ቅጽበት ማጭዱ ሁሉ በአንድነት ይስባል። ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ ደክመው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። አውጪው አየት አደረጋቸውና ዜማውን ጥቂት ዘገየ፤ ሰልፉ ሁሉ አብሮት ዘገየ። ሽማግሌው ደረሱ። ከዚያ በኋላ እንደገና ፈጠነ። ማንም ማንንም «በርታ» አላለም። ያን የሠራው ዘፈኑ ነው።

የደቦ ዘፈን፣ የአጨዳ ዘፈን፣ የውቂያ ዘፈን የምንላቸው ሁሉ ሕጋቸው ይህ ነው። ከሥራው በኋላ መጥተው አያመሰግኑም፤ በሥራው ውስጥ ገብተው ጎን ይሆናሉ። ግጥማቸው ተራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ትርጉም የለውም። መመዘን ያለባቸው ግን በግጥማቸው አይደለም። ማጭዱ ሳበ ወይስ አልሳበም? የደከመው ደረሰ ወይስ ቀረ? በዚህ ሚዛን ካየነው «ስካትማን» ለኃይሌ የዳንስ ዘፈን አልነበረም። የአጨዳ ዘፈን ነበር። ኃይሌ የገበሬ ልጅ ነውና ዘፈን ለምን እንደሚያገለግል የሚያውቀው ከካሴት ቤት በፊት ነው።

አንድ ስሌት ልጨምርና አንባቢ ይፍረድ። «ስካትማን» በደቂቃ ወደ 136 ጊዜ ይመታል። የኃይሌ እርምጃ በአማካይ ሁለት ሜትር ያህል ነበር ብንል፣ 2000 ሜትሩ 1000 እርምጃ ይሆናል፤ በደቂቃ ሲሰላ ወደ 205 ነው። እግሩና ከበሮው አንድ ለአንድ አይገጥሙም ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡበት መንገድ አለ፤ ለየሁለቱ ምት ሦስት እርምጃ። ሦስትን በሁለት ላይ መጣል ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የችክችካ ምታችን ጠባዩ ይኸው ነው፤ ስድስቱን ምት አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት እየከፈለ ትከሻችንን ያንቀሳቅሳል። ስሌቴ ወደ እውነቱ የቀረበ ከሆነ፣ የድምፅ ማጉያው የውጭ ዘፈን ሲያሰማ የኃይሌ እግር ችክችካ ይመታበት ነበር። «ለምን የእኛ አልሆነም?» ለሚለው የልጅነት ቁጣዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁለትም።

ያ ክብረ ወሰን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የካቲት 10 ቀን 1999 ዓ.ም. እዚያው በርሚንግሃም ላይ ወደ 4 ደቂቃ ከ49.99 ሰከንድ ወረደ። ያወረደው ቀነኒሳ በቀለ ነው። እሱም ኋላ ሱሉልታ ላይ የሩጫ መም አሠራ። ከባሕር ጠለል 2700 ሜትር ያህል ከፍ በሚለው በዚያ ሜዳ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ሯጮች አሉ። አብዛኞቹ የሚሮጡት በቡድን፣ ጆሯቸው ላይ ምንም ሳይሰኩ ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ በመስመር ተሰልፈው እግሩን ይከተላሉ። ከሯጮቻችን ጋር ከአንድ ዓመት በላይ የኖረው ብሪታንያዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማይክል ክራውሊ ስለዚህ እግር መከተል በሰፊው ጽፏል። የፊተኛውን ኮቴ የኋለኛው ኮቴ ሲቀበለው ቆሞ ላዳመጠ ሰው፣ አንዱ አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው የአጫጆቹ ሰልፍ ትዝ ይለዋል። የጎደለው ዜማው ብቻ ነው።

ለድምፃውያኖቻችንና ለግጥም ደራሲዎቻችን ያለኝ ማሳሰቢያ ከዚህ የመነጨ ነው። ለአትሌት መዝፈን የሚሻ ሰው ወደ ቦሌ ከመሄዱ በፊት፣ አንድ ቀን በሌሊት ተነሥቶ ሱሉልታ ወይም የሰበታ መንገድ ዳር ይቁም። ባንዲራውንና አንበሳውን ለጊዜው ይተዋቸው። ኮቴውን ይቁጠር፣ ትንፋሹን ያዳምጥ፣ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ይመልከት። ከዚያ ወደ ስቱዲዮ ይግባ። እኛም ጋዜጠኞች ከሯጩ ጋር ስንገናኝ፣ ሰዓቱን ከጠየቅን በኋላ «ስትሮጥ በልብህ የሚዘፈነው ምንድን ነው?» ብለን እንጨምር። አሁን የሚሰጠን መልስ የውጭ ዘፈን ቢሆን አልቆጣም። ምን ሥራ እንደሚሠራለት ግን አጥብቄ እጠይቀዋለሁ።