«ሁሉም አንጻራዊ ነው» ያለው ማን ነው?

በግጥም ውይይታችን ላይ አንድ ሥራ ደካማ ነው በተባለ ቁጥር የሚሰማ መልስ አለ፤ «ተወው ወንድሜ፣ አንስታይን እንዳለው ሁሉም አንጻራዊ ነው!» በቃ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያከትማል። ለመሆኑ ሰውየው እንዲህ ብሏል እንዴ? ይህን ለማጣራት ራሱ ለተራው አንባቢ ብሎ የጻፋትን፣ በ1917 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በጀርመንኛ የታተመችውን ትንሽ መጽሐፍ መመልከት ይበቃል።

ኒውተን በ1687 ባሳተመው ሥራው ጊዜ ለሁሉም እኩል እንደሚፈስ፣ ቦታም የማይነቃነቅ መድረክ እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ይህ እምነት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። በ1905 ያናጋው በበርን ከተማ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ የ26 ዓመት ወጣት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ማናጊያው አንድ ባቡርና ሁለት መብረቅ ናቸው። ባቡሩ ይከንፋል፤ መብረቅ ፊቱንና ኋላውን ይመታል። ከሐዲዱ ዳር፣ ከሁለቱ ቦታዎች እኩል መካከል ላይ የቆመው ሰው ሁለቱንም ብርሃን እኩል ያያል፤ «በአንድ ጊዜ ወረዱ» ይላል። በባቡሩ መካከል የተቀመጠው መንገደኛ ግን የፊተኛውን አስቀድሞ ያያል፤ «የፊተኛው ቀደመ» ይላል። ማን ተሳሳተ? ማንም!

እዚህ ላይ ግን ደራሲው ይቸኩላል። መንገደኛው ወደ ፊተኛው ብርሃን ስለሚገሰግስ ነው ይልና ያልፋል። አንባቢው «ታዲያ መንገደኛው ተታለለ እንጂ!» ቢል አይፈረድበትም። ቁልፉ ከጥቂት ገጾች በፊት የቀረው ሕግ ነው፤ ይኸውም ብርሃን በባዶ ቦታ ለማንም ተመልካች በሴኮንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ይጓዛል የሚለው ነው። ሁለቱ የባቡሩ ጫፎች ከመንገደኛው እኩል ይርቃሉ፤ የብርሃኑም ፍጥነት ለእርሱ እኩል ነው። እንግዲህ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ የወረደው ነው ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? ይህችን ነገር እዚያው ቢደግማት ኖሮ ስንቱን አንባቢ ከመደናገር ባዳነ!

ልብ በሉ፤ ጊዜና ርቀት የሚለዋወጡት ሕጉ ለሁሉም አንድ ሆኖ እንዲቆም ነው። ሚንኮውስኪም በ1908 ጊዜና ቦታ ለየብቻቸው ቢለያዩም ሁለቱ ተጣምረው የሚሰጡት ልኬት ለሁሉም አንድ መሆኑን አሳየ። በ1971 በአውሮፕላን ዓለምን የዞሩት የአቶም ሰዓቶች ምድር ላይ ከቀሩት ጋር በቢሊዮንኛ ሴኮንዶች ተለያይተው ተገኙ፤ ልዩነቱም ከስሌቱ ጋር ተስማማ። ይህ «እንደየስሜቱ» ማለት ነው? ኧረ በጭራሽ!

እንግዲህ አንስታይንን የሚጠራ ሰው እንደ አንስታይን ያድርግ፤ የት ቆሞ እንደሚያይ፣ በምን እንደሚለካ ይንገረን፤ ከዚያ ለውጤቱ ይገዛ። እኔ ራሴ ያነበብኩት አንድ ግጥም ከትችት የዳነው በዚሁ «አንጻራዊ» በሚል ቃል ነበር። ጓደኞቼ ዝም አሉልኝ። ግጥሙ ደካማ መሆኑን ግን ዛሬም አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደደከመ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ግን እስካሁን አላቃናሁትም።