የእንቅልፍ ምክርና የመተማ ሌሊት

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና እንዲሰጥ ይመክራል። ካንሰርን ታክመው ለዳኑ ሰዎችም ይኸው ሕክምና ቀዳሚ ነው፤ መሠረቱም አያከራክርም። የሚያከራክረው ዝርዝሩ ነው።

እንቅልፍ ሳይመጣ 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ ከሕክምናው ደንቦች አንዱ ነው። ምክሩ ሌላ ክፍል መኖሩን አስቀድሞ ያምናል። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ከአልጋ መነሣት ከአጎበር መውጣት ነው። ወባ በዚያ አለ፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትነክሰው በሌሊት ሲሆን፣ የዋልካ አፈርና የግራር ጥላ ይስማማታል። ቀዝቃዛ ክፍል ይመረጥ የሚለውም ያው ነው፤ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ደጅ ያድራል። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ደግሞ መድኃኒቱ የሚያመጣው ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ይደረብባታል።

የደንቡ ዓላማ አልጋንና ንቃትን ማለያየት ነው። ስለዚህ ታካሚዋ አጎበሩ ውስጥ ቀና ብላ ብትቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲጫናት ብትተኛ ዓላማው በከፊል ይጠበቃል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት ግን ክፍልም ቅዝቃዜም አይጠይቅም፤ ምክር ሰጪው ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።