የቀርከሃ አልጋ እግር

የቀርከሃ አልጋ ሲገዙ ቀድሞ መታየት ያለበት እግሩ ነው። ጎንበስ ብለው የታችኛውን ጫፍ ይመልከቱ። መጋዙ ያረፈው ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሆነ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። ቀርከሃ አንጓው ላይ ውስጡ ድፍን ነው፤ ከሥር ውኃ አያስገባም፣ ክብደት ሲያርፍበትም በቀላሉ አይሰነጠቅም። በሁለት አንጓ መካከል የተቆረጠ እግር ግን ክፍት ቱቦ ነው። ቫርኒሹ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ያ አልጋ ዕድሜ የለውም።

ስለ አልጋ የማነሣው ስለ ማረፊያ እያሰብኩ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ መታሸት፣ ዮጋ መሥራት፣ ዛፍና ውኃ እያዩ መዋል በቢሾፍቱና በባሕር ዳር ተለምዷል። ለእንዲህ ያለ ማረፊያ ከግምጃ ቤት እስከ እንጅባራ ካለው የአዊ ደጋ የሚበልጥ ቦታ አይታየኝም። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝናቡ አይሰስትም፣ አገሩ አረንጓዴ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ቀርከሃው ነው። የሚታሹበት አልጋ፣ የሚዘረጉበት ወለል፣ የሚከልል ግድግዳ ሁሉ እዚያው በየጓሮው ቆሞ ይገኛል።

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። የቆላው ውስጡ ድፍን ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ በብዛት አለ። የደጋው ባዶ ነው፤ የአዊው ይህኛው ነው። ቡቃያው በክረምት ከመሬት ይወጣል። ሲወጣ የያዘውን ውፍረት ይዞ ይቀራል እንጂ ኋላ አይወፍርም። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል። ቁመት ጨረሰ ማለት ግን ደረሰ ማለት አይደለም፤ ለሥራ የሚጠነክረው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የአንድ ዓመቱ ቆዳ ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ከአንጓው ሥር ነጭ ዱቄት የሚመስል ሰም አለበት። የሦስት ዓመቱ ይደበዝዛል፣ ሽበት የመሰለ ነገርም ይይዛል። በጣት ቢመቱት ድምፁ ደረቅ ነው።

መቁረጫው ወቅት በጋ ነው። በዚያ ጊዜ ግንዱ ውስጥ ያለው ስኳርና ስታርች ይቀንሳል። ነቀዝ የሚመጣው ስታርቹን ብሎ ነውና በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ቶሎ ይበላል። ገጀራው ከመሬት በላይ ካለው ከመጀመሪያው አንጓ ጥቂት ከፍ ብሎ ያርፋል፤ ዝናብ በቀሪው ጉቶ ውስጥ ተጠራቅሞ ሥሩን እንዳያበሰብስ። የተቆረጠው ግንድ ጥላ ሥር በዝግታ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል፤ እርጥቡን ከገጠሙት ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና መጋጠሚያው ይላላል። ገዢው አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል የሚሰማው ያንን ችኮላ ነው።

ቀጥሎ መሰንጠቅ አለ፤ እኔ ዓይኔን መንቀል የማልችለው እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ቢላውን ጫፉ ላይ መሐል ለመሐል ያኖርና በእንጨት ይመታዋል። አንጓው ጋ ሲደርስ ስንጥቁ ይቆማል። አንድ ጊዜ መታ ያደርገዋል፣ ጠጥ ብሎ ያልፋል፣ እስከሚቀጥለው አንጓ ድረስ በራሱ ይሮጣል። ሁለት የሆነው አራት፣ አራቱም ስምንት ይሆናል። ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ከጎበጡ ስንጥቁ መሐሉን ይዞ ይሄዳል። አንዱ ወገን እየሳሳ ከመጣ ሠሪው በቢላ አይታገልም። ወፍራሙን ወገን በእጁ ይበልጥ ያጎብጠዋል፤ ስንጥቁም ወደዚያው ዞሮ መሐሉን ይይዛል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚያየው እምብዛም የለም፤ አውራ ጣቱ ይነግረዋል።

ከዚያ ስንጥሩ ይፋቃል። የውጭው ሽፋን ጥቅጥቅ ያለ ቃጫ ነው፤ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። የውስጡ ለስላሳ ነው፤ ነቀዝ የሚወደውም እሱን ነው። ስለዚህ ቢላው የሚሠራው በውስጥ በኩል ነው፤ ቆዳው አይነካም። መጉበጥ ያለበት ካለ ፍም ላይ እየተገላበጠ ይሞቃል፣ ሲለዝብ ይታጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ተይዞ ይቆያል። መታጠፊያው ላይ ጥቁር ጠባሳ ካዩ እሳቱ በዝቶበታል። ምስማርም እንዲሁ ነው፤ አስቀድሞ ሳይበሱ ከመቱት ቀርከሃው ይከፈታል።

የዮጋ ወለል ከአልጋው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በባዶ እግሩ የቆመ ሰው መርገጫው የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ይሰማዋል። ስንጥሮቹ ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይደረደራሉ። አንጓዎቻቸው ጎን ለጎን እንዳይገጥሙ ይፈራረቃሉ፤ ከገጠሙ ወለሉን አቋርጦ የሚያልፍ ጉብታ ይፈጥራሉ።

የማሳጅ አልጋም የራሱ ልክ አለው። አሺው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲለቅ የጨበጠው ጡጫ የአልጋውን ፊት መንካት አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ ወገቡ ይጎዳል፣ ከፍ ካለ ክብደቱን መጠቀም አይችልም። እግሩ ረዘም ስለሚል በየማዕዘኑ ሰያፍ ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ ደጋፊውም አንጓ አጠገብ ነው የሚያርፈው። የሚያሽ እጅ እንኳ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሕፃን አጥባ በለጋ ቅቤ እያሸች የምታሳድግ እናት፣ ወለምታ በአውራ ጣቱ ዳብሶ የሚያገኝ ወጌሻ ያለበት አገር ነው። በሌላው ዓለም ስፓዎች ደግሞ የለሰለሰ የቀርከሃ ዱላ አሙቀው ጡንቻ ላይ የሚያንከባልሉበት ማሳጅ አለ። ዱላው እዚህ ጓሮ ውስጥ ነው።

ለእይታ ከሆነ ዘንገና ቅርብ ነው። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። እዚያ የሚገነባው ነገር እንዲያንስ እንጂ እንዲበዛ አልመኝም።

በዚህ ደጋ ማረፊያ ለመሥራት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ሲሚንቶ ከመጫናችሁ በፊት ቀርከሃ ሠሪዎቹን አነጋግሩ። በበጋ አስቆርጡ። በጥላ አድርቁ። ግንባታውን ለከርሞ አቆዩት። አልጋውን ስትረከቡም መጀመሪያ ገልብጣችሁ እግሩን እዩ።