የኦቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት አገላለጽ፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሙያ ቃላት በሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለስም ነው። መሣሪያው ምን ተብሎ ይጠራ? ቃሉ ከግእዝ ይውጣ፣ ከሕዝቡ አንደበት ይወሰድ፣ ወይስ የውጭው ቃል እንዳለ ይግባ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ በቅርቡ አስተያየት እንድንሰጥበት የቀረበልን፣ የዘመናዊ አውቶሞቢል ኦቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት እንዴት እንደሚለይ የሚያስረዳ አንድ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መመሪያ፣ ከስም ይልቅ በግሥ ላይ የሚደርሰው ስሕተት የበለጠ ጉዳት እንደሚያስከትል አሳይቶናል። የመካኒክ ምርመራ የሚጀምረው ባለመኪናው ከሚናገረው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተዛባ የሚፈታው ዕቃም ሌላ ይሆናል።

የተርጓሚውን ድካም ሳናመሰግን አናልፍም። ዐረፍተ ነገሮቹ ንጹሕ፣ ስያሜዎቹም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጥ ናቸው። ሆኖም ካምቢዮን «የጥርስ ሣጥን»፣ ፍሪሲዮንን «አጣማሪ» ብሎ መሰየሙን አላስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ሁለቱ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ቢሆኑም አማርኛ ካስለመዳቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። «ካምቢዮው ወረደ»፣ «ፍሪሲዮኑ አለቀ» ሲባል የማይረዳ መካኒክ የለም፤ «የጥርስ ሣጥን» ሲባል ግን ማብራሪያ ይጠይቃል።

ነባሩን ቃል ስንቀበል ነባሩን አሻሚነት አብረን መቀበል የለብንም። በተለምዶ «ኦቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም» ይባላል። በመሠረቱ የሌለው ሾፌሩ የሚረግጠው የፍሪሲዮን ፔዳል ነው። በተለመደው ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በዘይት ግፊት የሚጣበቁና የሚላቀቁ፣ እያንዳንዳቸው በርካታ ዲስኮች ያሏቸው ፍሪሲዮኖች አሉ። ረቂቁ ልማዳዊውን አነጋገር ተከትሎ በመግቢያው «አጣማሪ አልባ» ካለ በኋላ፣ ወረድ ብሎ ስለ ተቃጠለ አጣማሪ ይናገራል። አንባቢው የትኛውን ይመን?

ወደ ግሦቹ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ የምናገኘው «መኪናው ይንሸራተታል» የሚለውን ነው። በዋናው ጽሑፍ የተፈለገው ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ የመኪናው ፍጥነት በዚያው መጠን አለመጨመሩ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን መኪና ተንሸራተተ ማለት ጎማው መንገዱን አልጨበጠም ማለት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚመለከተው ጎማውን ነው። ግሡ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ የተሳተው ባለቤቱ ነው። አማርኛ ባለቤቱን በግሡ እርባታ ውስጥ ስለሚያመለክት «ይንሸራተታል» ብሎ መተው ይፈቅዳል። የብልሽት ቋንቋ ግን በዚህ ነጻነት መጠቀም አይገባውም። እኛ ብንሆን በምልክቱ ስር «የሞተሩ ዙር ይጨምራል፤ የመኪናው ፍጥነት ግን አይከተልም»፣ በምክንያቱ ስር ደግሞ «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል» ብለን ለይተን እንጽፍ ነበር።

ይኸው ጉድለት ከኮምፒዩተር በሚነበቡት የብልሽት መለያ ቁጥሮች ትርጉምም ላይ ይታያል። ፒ 0730 «የተሳሳተ ማርሽ» ተብሏል። ይህ አነጋገር ጥፋቱን ወደ ሾፌሩ ይወስደዋል። ቁጥሩ የሚያመለክተው ወደ ካምቢዮው በሚገባውና ከካምቢዮው በሚወጣው ዙር መካከል ያለው ምጣኔ ከታዘዘው ማርሽ ጋር አለመስማማቱን ነው። ፒ 0700ም «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ሊባል አይገባውም ነበር። መልእክቱ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ አንድ ጉድለት መዝግቧልና ሌሎቹን ቁጥሮች ተመልከት ከማለት አያልፍም፤ ጉድለቱም የአንድ ሽቦ መበጠስ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያውን እንደ ፍርድ አድርጎ መተርጎም ደኅናውን ካምቢዮ ያስወርዳል።

«ማርሽ አልቀይር አለ» የሚለው አገላለጽም ጥያቄ ያስነሣል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እምቢታን የሚያሰማ ስለሆነ መቻልንና መከልከልን አይለይም። ዘመናዊ ካምቢዮ ከባድ ጉድለት ሲመዘገብበት፣ ከባሰ ጉዳት እንዲጠበቅ በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ መቆጣጠሪያው ሊያዘው ይችላል። ስለዚህ «አይቀይርም»፣ «ዘግይቶ ይቀይራል»፣ «እንዳይቀይር ታዝዟል» የሚሉት ሦስት አገላለጾች ወደ ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች የሚመሩ ናቸው። ረቂቁ ሦስቱንም «አልቀይር አለ» በሚለው ጠቅልሏቸዋል።

ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበን ግን ስለ ዘይት ልክ የተጻፈው ነው። በረቂቁ «ሞተሩ ሠርቶ ሲሞቅ ዘይቱ ይለካ» ይላል። «ሠርቶ» ድርጊቱ እንዳበቃ ስለሚያሰማ አንባቢው ሞተሩን አጥፍቶ ይለካል። የዋናው ጽሑፍ ትእዛዝ ግን «ሞተሩ እየሠራ ይለካ» የሚል ነው። መመሪያው በሚናገርለት ካምቢዮ ሞተሩ ሲጠፋ ከዘይቱ ከፊሉ ወደ ኮፓው ስለሚመለስ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የጎደለው ዘይት ሞልቷል ይባላል። ዘይት ሲጎድል ግፊት ይቀንሳል፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። የመለካቱ ሥርዐት በሁሉም ፋብሪካ አንድ አይደለም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንዲለካ የሚያዙ አሉ፤ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ እንደ ቀድሞው ተስቦ የሚታይ የዘይት መለኪያ የለም፤ ዘይቱ በተወሰነ የሙቀት ዲግሪ ላይ ሳለ የመፈተሻውን ቡሎን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ተርጓሚው «ሠርቶ»ን፣ «እየሠራ»ንና «ከጠፋ በኋላ»ን እያቀያየረ ሊጽፍ አይችልም። «ዘይት ጨምር» ብሎ መተውም እንደዚሁ አደገኛ ነው፤ የሞተር ዘይት የኦቶማቲክ ካምቢዮን ዘይት አይተካም።

እዚህ ላይ፣ መካኒክ መኪናውን ራሱ ነድቶ ስለሚያየው ቃል ይህን ያህል አያሳስተውም የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በጋራዥ ውስጥ ይህ እውነት ነው፤ ተናጋሪውና ሰሚው በአንድ መኪና ፊት ቆመው ይጠያየቃሉ። መጽሐፍ ግን አይጠየቅም። በንግግር ጊዜ በእጅ ምልክትና በድጋሚ ጥያቄ የሚሟላው ሁሉ በጽሑፍ ጊዜ በግሡና በባለቤቱ መሟላት አለበት።

ስለዚህ ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ነባሮቹ የጋራዥ ስሞች እንዲመለሱ፣ ምልክትና ምክንያት ተለይተው እንዲጻፉ፣ ግሦቹም ከነባለቤቶቻቸው አንድ በአንድ እንዲመረመሩ እናሳስባለን። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ካምቢዮንና ማርሽን በስምነታቸው መዝግቦ ማለፍ እንደማይበቃ ይረዱልናል ብለን እናምናለን፤ ማርሽ ሲገባ «ይመታል»፣ መኪናው በእኩል ፍጥነት ሲሄድ «ይንቀጠቀጣል» የሚሉትም የራሳቸው ፍች ሊሰጣቸው ይገባል። በየጋራዡ የሚሰሙ ተመሳሳይ ግሦችን የሰበሰቡ አንባብያን ቢልኩልን ከምስጋና ጋር ተቀብለን እንመረምራቸዋለን።