ሰበብና ምክንያት

በመንግሥታት መካከል ጦርነት ስለሚነሣበት ነገር በአማርኛ የተጻፈውን ስንመረምር፣ ስለ ጦርነቱ ውሎ የተጻፈው እጅግ ብዙ፣ ስለ አነሣሡ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ እናገኘዋለን። ጀግናው ማን እንደ ነበረ፣ ፈረሱ ምን ይባል እንደ ነበር፣ በየትኛው ኮረብታ ሥር እንደ ወደቀ ጸሐፊዎቻችን አጥርተው ይነግሩናል። ጦሩ ስለ ምን እንደ መጣ ሲጠየቁ ግን አንድ ቃል ወይም አንድ የውሃ ጉድጓድ ጠቅሰው ያልፋሉ። ቋንቋችን ሰበብንና ምክንያትን በሁለት ስም ለይቶ ሳለ ድርሰታችን ሁለቱን መደባለቁ ያሳዝነናል።

ከዚህ ልማድ ከወጡት ጥቂቶች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የጦር ታሪክ አይደለም፤ ስለ ሀብት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ የሚናገር ነው። ነገር ግን ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋራ ሲገበያይ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን፣ ይህም ያላወቀውን ሕዝብ ለሌላው ተገዥ እንደሚያደርገው በግልጽ ያስረዳል። አጻጻፉ እንደ ንግድ መዝገብ ደረቅ ነው የሚሉ አንባብያን አይጠፉም፤ እኛ ግን ድርቀቱን እንወድለታለን። ስለ ጦር የሚጻፈው ሁሉ ፉከራ መሆን የለበትምና።

ይህን መጽሐፍ አዳማ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ልዩ ጥቅም አለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የባቡሩ ተቆጣጣሪና የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው አገልግለዋል፤ አዳማን ከተማ ያደረጋትም ያው ባቡር ነው። ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ተስማምተው፣ እስከ አዲስ አበባ የሚሠራው ሐዲድ የፈረንሳይ እንዲሆን፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው የእንግሊዝ እንዲሆን፣ ኢጣልያም ኤርትራንና ሶማሊያን የምታገናኝበት ምድር እንዲኖራት ተከፋፈሉ። የአገሩ ባለቤት ምን እንደሚል የጠየቀ አልነበረም። ጥይት ሳይተኮስ የተጻፈው ይህ ወረቀት፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ የጦር ሜዳ ታሪክ ይበልጥ ስለ ጦርነት ምክንያት ያስተምራል።

ስለ ውጫሌ ውል የሚጻፈውን እንመልከት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ታሪኩ እውነት ነው፤ የቃልን ክብደት ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ እጅግ የሚጥም ነው። ምናልባትም ስለሚጥም ይሆናል ሌላውን ያስረሳን። ኢጣልያ ምጥዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም.፣ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የተዋጉአትም በ1879 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ገና ሳይጻፍ ደም ፈስሶ ነበር። አስተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች አስተካክሎ ቢጽፍ ኖሮ ዓድዋ በቀረ ነበር ብሎ ማመን፣ ለአስተርጓሚ ከሚገባው በላይ ሥልጣን መስጠት ነው።

የወልወልም ነገር እንዲሁ ነው። ግጭቱ የደረሰው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጉዳዩን የመረመሩት ሽማግሌ ዳኞች በዓመቱ ማብቂያ ላይ በግጭቱ ሁለቱንም ወገን በደለኛ አላደረጉም። ሆኖም ገና መስከረም ሳያልቅ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ጦሩን የመሩት ዴ ቦኖ ራሳቸው ዝግጅቱ ከወልወል በፊት እንደ ተጀመረ ኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። የአዳማ ሰው የዚያን ጦር ዋጋ በዓይኑ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአዋሽ ላይ የተሠራውና በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የቆመ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም ልማዱ አልተለወጠም። የ1990 ዓ.ም.ን ጦርነት የሚያነሡ ጽሑፎች ባድመን ይጠራሉ፤ ባድመም በእርግጥ መጠራት ይገባታል። ነገር ግን ያው ዓመት ሲገባ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን ማውጣቷን፣ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረውም ንግድ በምን ገንዘብ ይካሄድ በሚል ክርክር መያዙን ስንቱ ጸሐፊ አስተውሎ ጻፈ? የነጋድራስ ደቀ መዝሙር ቢኖር ኖሮ ከዚያ በጀመረ ነበር። የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሩ ዕቃ ወደ ጂቡቲ ዞረ። በአዳማ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች መንገዳቸውን የለወጡት ከሚሌ ወዲያ ስለ ሆነ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ለውጡ አይታወቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ስንል ነጋድራስን ያለ ነቀፋ ማለፋችን አይደለም። ትምህርታቸው ኃይለኛው ደካማውን ስለ ምን እንደሚወጋ ያስረዳናል፤ ሁለት ብርቱዎች ስለ ምን እንደሚዋጉ ግን አይፈታልንም። ወጣት ሆነው የተማሩባት ጀርመን ዕውቀትም፣ ሐዲድም፣ ፋብሪካም ሞልቶ የተረፋት አገር ነበረች። በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ በዕውቀት ከሚተካከሏት ጎረቤቶቿ ጋራ ጦርነት ገጥማ አራት ዓመት ተላለቀች። እሳቸውም ያ ጦርነት ካበቃ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ፣ በ1911 ዓ.ም. በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ዕውቀት ያላቸው መንግሥታት ስለ ምን ይዋጋሉ የሚለውን ጥያቄ ከእሳቸው ተቀብሎ በአማርኛ የቀጠለ መጽሐፍ እስካሁን አላገኘንም።